ፀሐይ ከኋላው የምትወጣበት ተራራ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የምርቃት ፎቶ ልትነሳ ለቡ ወዳለ አንድ ስቱዲዮ ይዛኝ ሄደች። ፎቶ አንሺው ልጅ ከአንድ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት አቆማትና ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ምን ዓይነት ባክግራውንድ እንደምትፈልግ ጠየቃት። ባሕር አሳያት፣ አበባ አሳያት፣ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት አሳያት፣ በመጨረሻ ተራራ አሳያት። ተራራውን ሳይ አላስችል አለኝና፣ ይሄ የት ያለ ነው አልኩት። «እኔ እንጃ እማማ፣ ከኢንተርኔት ነው» አለኝ። ፀሐይስ በየት በኩል ነው የምትወጣበት አልኩት። ልጁ የእህቴን ልጅ አያት፤ እሷም አፈረችብኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ግን ለኔ ከባድ ነው፤ ቤት ስገባ ወረቀት ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ስንዱ እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁት ከትምህርት ቤት ነው፤ ሥዕል አስተምር ነበር። ከዚያ በፊት የቴአትር መድረክ መጋረጃ ሠርቻለሁ። ከዚያም በፊት፣ በደርግ ጊዜ፣ ጎፋ ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ደንበኞች ከፊቱ ቆመው የሚነሱበትን ሥዕል እቀባ ነበር። ለጡረታ የታሰበልኝ የትምህርት ቤቱ ዘመን ብቻ ነው፤ ሞያውን ያገኘሁት ግን በፎቶ ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ስለሱ ልጻፍ።

ብሩሽ መጀመሪያ የያዝኩት ቀበሌ ውስጥ ነው። ፊደሌ ስለሚያምር መፈክር ጻፊ ተባልኩ፤ በቀይ ጨርቅ ላይ በነጭ ቀለም፣ ክንዴ እስኪዝል ድረስ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቃለ አጋኖ ግን ይወድ ነበር። በአንዱ አይረካም፤ ሌላ ያስጨምረኛል፤ ጨርቁ ያልቅብኝና የመጨረሻዎቹ ፊደላት እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ይጣበቃሉ። አንድ ቀን ስለ ችግኝ ተከላ መፈክር ጽፌ ጥግ ላይ ቦታ ተረፈኝና ዛፍ ሣልኩበት። አለቃዬ አንገቱን አዘንብሎ አየና ጎመኑን ለምን እንደጨመርኩበት ጠየቀኝ። በቢሮው የነበረ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነበር። ዛፍ ከተወለድኩ ጀምሮ አይቻለሁ፤ ከጥላው ተቀምጫለሁ፣ ልጅ ሆኜ ወጥቼበታለሁ። ታዲያ እጄ ለምን አያውቀውም? ይህ ጥያቄ ምግብ አስጠላኝ ብል ማጋነን ይሆናል፤ እንቅልፍ ግን ነሳኝ።

በሰፈራችን ዛፍ መሣል ይችላሉ የሚባሉ አንድ ሰው ነበሩ፤ ጋሽ ባይሳ። በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት በር ላይ የሚሰቀል የፊልም ሥዕል ይሠሩ ነበር። ያ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ተፈራ የሚባል ወጣት ከአባቱ በወረሰው የጎፋው ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። ሥራቸው ትልቁን መጋረጃ መቀባትና ሲደበዝዝ ማደስ ነው። ያኔ የተሰቀለው ሥዕል ከውጭ አገር የግድግዳ ካላንደር የተቀዳ ነበር፤ ጫፉ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ ዳክዬ። የመካኒሳ አናጢ፣ የላፍቶ ወተት ሻጭ፣ የጎፋ ሙሽራ፣ ሁሉም በረዶ ፊት ቆመው ይነሳሉ። አንድ ሽማግሌ ተራራው ላይ የፈሰሰው ዱቄት የማን እንደሆነ ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።

ጋሽ ባይሳን አስተምሩኝ ብዬ ስለምናቸው፣ ይቺ ነገ አግብታ ትተወዋለች አሉ። አገባሁም፣ አልተውኩትምም። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ብሩሻቸውን በላምባ ሳጥብ ሰነበትኩ። ተፈራም መጋረጃ የሚያነሳና የሚጥል ሰው ሲያስፈልገው ትንሽ ደመወዝ ቆረጠልኝ። ስለ ደመወዙ ይኸው ይበቃል።

የጋሽ ባይሳ የመጀመሪያ ትምህርት ብሩሽ የሌለበት ነበር። የፎቶ ቤቱ ጓሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተከፈተ ነው። ለቡ ያኔ ገና ማሳ ስለነበር ዓይን የሚከለክል ነገር የለም፤ ፉሪ ተራራ እስከ ግርጌው ይታያል። ጋሽ ባይሳ የተወለዱት ከዚያው ከፉሪ ሥር ነው። ጠዋት ስገባ ገና ሰላም ሳይሉኝ፣ «ፉሪ ዛሬ ምን አደረገ?» ይሉኛል። መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ፣ ምንም አላደረገም፣ እዚያው ቁጭ ብሏል አልኳቸው። ወደ ጓሮ መለሱኝ። እያደር ግን ገባኝ። አንዳንድ ቀን በእጅ የሚነካ እስኪመስል ቀርቦ ይውላል፤ ዝናብ ሊመጣ ነው። አንዳንድ ቀን ወገቡ በጉም ይጠፋና ጫፉ ብቻውን ይንሳፈፋል። ጠዋት ፊቱ በርቶ ሸለቆው ሁሉ ይቆጠራል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ኋላው ስትዞር ያ ሁሉ ይጠፋና አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ይሆናል። ያየሁትን ሳልሳሳት ስነግራቸው፣ በይ አሁን ብሩሽ ያዢ ይሉኛል።

አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነበራቸው። ከሥራ በኋላ የተረፈ ቀለም ሁሉ፣ ቀዩም አረንጓዴውም፣ እዚያ ይጣላል፤ ተቀላቅሎ ግራጫ ይሆናል። ስሙን «ጭቃ» ብለውታል። ሩቅ ያለ ነገር ሲቀቡ ከጭቃው ይጨምሩበታል፤ በጣም ለሚርቀው ጭቃና ነጭ። ንጹሕ አረንጓዴ የሚፈቀደው እግር ሥር ላለ ሣር ብቻ ነው። ብሩሻቸውን የሚጠርጉት በሱሪያቸው ግራ እግር ላይ ስለነበር፣ ያን እግራቸውን አይቶ በሳምንቱ ምን ሲሠሩ እንደሰነበቱ ማወቅ ይቻላል። ባለቤታቸው አንድ ጊዜ ሱሪውን ቀምተው አዲስ ቢያለብሷቸው ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጩ ዋሉ፤ መስመር እንኳ ቀጥ አልልላቸው አለ።

ዛፍ ያስተማሩኝ ቅጠሉን አስትተው ነው። ከቅጠሉ መሐል ሰማይ የሚታይበትን ቀዳዳ ፈልጊ አሉኝ። ቀዳዳዎቹን ስቀባ ዛፉ ዛፍ ሆነ። ለውሃ ደግሞ መካኒሳ ድልድይ ላይ አቆሙኝ፤ ወንዙን ሳይሆን ወንዙ ውስጥ የተገለበጠውን ዳርቻ እንዳይ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሳይ አላፊ አግዳሚው ሰው የወደቀ እየመሰለው አብሮኝ ይሰለፋል። ምንድነው ሲሉኝ፣ የባሕር ዛፉን ግልባጭ እያየሁ ነው እላለሁ፤ ከንፈራቸውን መጠው ይሄዳሉ።

ከሁሉም የገረመኝ የካሜራው ነገር ነው። ፎቶው ያኔ ጥቁርና ነጭ ነው። ስንት ደክሜ የቀባሁት ሰማያዊ ሰማይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ቀይ አበባዬ ይጠቁራል። ታዲያ በቀለም መቀባት ለምን አስፈለገ ብዬ ጋሽ ባይሳን ጠየቅኳቸው። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ቆሞ ባየው ነው፣ ካሜራው ግን የሚያውቀው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፤ እኛ ሁለቱንም ማስደሰት አለብን አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ማየት ለመድኩ፤ እንዲያ ሲያዩ ቀለሙ ይደክምና ብርሃኑና ጥላው ይቀራል። ሰው ሳነጋግርም እንዲህ ስለማደርግ እስከ ዛሬ የሚቀየሙኝ አሉ።

ዓመታት አልፈው በረዶው እየተላጠ ሲሄድ፣ ተፈራ ሌላ መጋረጃ እንድሠራ ፈቀደልኝ። አቡጀዲውን ወጥሬ፣ በኮላና በጀሶ ለስኜ፣ ያገራችንን ተራራና ዋርካ ቀባሁ። ሰው ወደደው፤ ወሬውም መካኒሳ ደረሰ። እትዬ አበበች ወደ ፎቶ ቤቱ የመጡት ይህን ሰምተው ነው።

እትዬ አበበች መካኒሳ አቦ አካባቢ መንገድ ዳር ቆጮና ጎመን የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የከምባታ ሴት ነበሩ። ጴንጤ ስለነበሩ በዚያ ዘመን አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚኖሩት፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ያሰቡትን ግን አይለቁም። ማርቆስ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ እዚሁ መካኒሳ ተወልዶ ያደገ። አገር ቤት ያሉት አባታቸው በጣም አርጅተው፣ ሳልሞት የልጅ ልጄን አገሩ ላይ ቆሞ ልየው እያሉ ይልካሉ። ማርቆስ ግን ለብሔራዊ ውትድርና ስለተመለመለ ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ከልክሎታል፤ መሄጃውም ደርሷል። እናቱ ያሰቡት ሌላ ነው። ልጁ ከአገራቸው ተራራ ከአምበርቾ ሥዕል ፊት ቆሞ ይነሳና ፎቶው ለአባታቸው ይላክላቸዋል።

አምበርቾን አይቼው አላውቅም። ቢሆንም እችላለሁ አልኩ። እትዬ አበበች ትልቅ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ከሥሩ እንሰት አለ አሉኝ፤ እኔም፣ አፌ የማያርፈው ሴትዮ፣ ሌላ ሳልጠይቅ ወደ ሥራ ገባሁ። ችኮላዬ ችሎታዬን ለማሳየት ነበር። ክረምት ስለነበረ የዘይት ቀለሙ አልደርቅ ብሎ ተፈራና እኔ ከሰል አቀጣጥለን መጋረጃውን ስናሞቅ ሰነበትን። ጋሽ ባይሳ ሪህ ተነስቶባቸው ቤታቸው ተኝተው ስለነበር አላዩትም።

ማርቆስ ሊሄድ ሲል እናትና ልጅ መጡ። ማርቆስ ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ ነው፤ የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። መጋረጃውን ስዘረጋው እትዬ አበበች ቀርበው አዩት። ከዚያ ሄደው የጓሮውን በር ከፈቱና ወደ ውጭ አዩ፤ ተመልሰውም ሥዕሉን አዩ።

«ልጄ» አሉኝ በጣታቸው ወደ ፉሪ እያመለከቱ፣ «ይሄ እኮ ያ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ትከሻው፣ ሸለቆው፣ ፊቱን የሚመታው የጠዋት ብርሃን፣ ሁሉም ፉሪ ነው። ከሥሩ እንሰት ተክዬ የከምባታ ያደረግሁት መስሎኛል። እጄ ሌላ ተራራ አያውቅም ነበር። ማርቆስ፣ ምን ችግር አለው፣ አያቴ በምን ያውቃል፣ እንነሳና እንሂድ እያለ ለመናቸው። እሳቸው ግን አባታቸው ያንን ተራራ ሲያዩ እንዳረጁ፣ ተራራው ውሸት ከሆነ ልጁንም እንደማያምኑ ነገሩት። ሳይነሱ ወጡ። ማርቆስ በማግስቱ ዘመተ።

ያን ቀን አለቀስኩ። ካልተመለሰስ የሚለው ሐሳብ ጎኔ ባረፈ ቁጥር እንደ ትኋን ይነክሰኝ ጀመር። ጋሽ ባይሳ ቤት ሄጄ ስነግራቸው አልተቆጡም። አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ ትንሽ ሳቁና፣ እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ከፉሪ ሌላ አንድ ተራራ አስተውለው አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ቆይተውም እንዲህ አሉኝ፦ «ምን ይመስላል ብለሽ አትጠይቂያቸው። ምን ያደርጋል በያቸው።»

በማግስቱ መካኒሳ ወርጄ ከእትዬ አበበች መደብ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር፤ ጎመን ቀንጥሺ ብለው ሰጡኝ። እየቀነጠስኩ፣ አምበርቾ ጠዋት ምን ያደርጋል አልኳቸው። እጃቸው ቆመ። አዲስ አበባ ከመጡ ይህን የጠየቃቸው ሰው ያለ አልመሰለኝም።

«ጠዋትማ ይጠቁራል» አሉ። «ፀሐይ ከኋላው ነው የምትወጣው። ከሱ ማዶ ያሉት ሲሞቃቸው እኛን ገና ይበርደናል። ጤዛው እግራችንን አይለቅም። እናቴ፣ ተራራው ፀሐይን እስኪለቃት ጠብቁ ትለን ነበር።»

ክው አልኩ። ተራራ ሁሉ ጠዋት ፊቱ የሚበራ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኛ ከፉሪ በስተምሥራቅ ስለምንኖር ነው፤ ከሱ ማዶ ላለ ሰው ፉሪም ቢሆን ጠዋት ጥቁር ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሳላስበው መኖሬ ያናድደኛል፣ ወዲያው ደግሞ ያስቀኛል። ካሜራው የሚያውቀው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው ተብዬ፣ እኔ የሰጠሁት የሌላ ሰው ጠዋት ነበር።

ከዚያ በኋላ የማውቀውን ሰው ሁሉ ስለ ተራራው ስጠይቅ ከረምኩ። ጫማ ሰፊውን፣ የቆርቆሮ ነጋዴውን፣ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሁሉ። አንዱ የኛ ተራራ ዝናብን ለሁለት ይከፍላታል ይለኛል፤ ሌላው የኛው ድምፅ ይመልሳል ይላል። መልኩን ግን በደንብ የሚነግረኝ የለም። ተፈራ ደንበኛ ታስፈሪያለሽ ብሎ ይቆጣኝ ነበር። መካኒሳ ውስጥ ከደቡብ የመጡ ሰዎች በየጓሯቸው እንሰት ይተክሉ ስለነበር አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ሳይ እውላለሁ፤ ቅጠሉ በነፋስ እንዴት እንደሚተለተል፣ ጀርባው ከፊቱ እንዴት ነጣ እንደሚል። ወደ እትዬ አበበች ስመለስ ደግሞ ጉሙ እስከየት እንደሚወርድ፣ ላይኛው ሣር ብቻ መሆኑን፣ የጠዋት ጭስ ከየቤቱ ወጥቶ ተራራውን ሳያልፍ እንደሚተኛ ይነግሩኛል። እሳቸውም እየተናገሩ የረሱትን ያስታውሱ ነበር።

መጋረጃውን ደግሜ ቀባሁት። ጠዋት አደረግሁት፤ ተራራው የጠቆረ፣ ከጫፉ ኋላ ሰማዩ የነጋ፣ እንሰቱ ገና ብርሃን ያልነካው። ጋሽ ባይሳ በከዘራ እየተደገፉ መጥተው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩትና፣ ከቆርቆሮው ጭቃ ነክረው ከሸንተረሩ አንድ ቦታ አለዘቡልኝ። ብሩሹን በግራ እግራቸው ጠረጉ።

እትዬ አበበች መጥተው ከፊቱ ሲቆሙ የበጋ ቀትር ነበር፤ ቆርቆሮው ጣራ ይንጣጣል። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ከፍ አድርገው ትከሻቸውን ሸፈኑ፣ ክንዳቸውንም አሻሹ። በርዷቸው ነበር። በሥራ ዘመኔ ከዚያ የበለጠ ምስጋና አላገኘሁም።

ማርቆስ ለመታወቂያ የተነሳው ጉርድ ፎቶ ነጌቲቭ ተፈራ እጅ ላይ ነበር። ምስሉን ቆርጬ ከተራራው ፊት ልለጥፍላችሁ አላቸው። ያኔ የተለመደ ሥራ ነበር፤ የሞተውን ከቆመው አጠገብ እያስጠጋ ስንቱን ቤተሰብ አሟልቷል። እትዬ አበበች፣ «አይሆንም። በእግሩ ይቁም» አሉ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ከአገር ቤት የሚመጣ መንገደኛ አባታቸው አሁንም በሕይወት እንዳሉ፣ አሁንም ልጁን እንደሚጠይቁ ይነግራቸዋል። ከግንባር የሚመጣው ወሬ ግን ጥሩ አልነበረም። አንድ ጊዜ ጨርቅ ከገበያ ጠፍቶ ተፈራ አምበርቾ ላይ ሌላ ሥዕል ቀቢበት አለ፤ እምቢ ብዬ በድሮው የበረዶ መጋረጃ ላይ ሌላ ሐይቅ ቀባሁለት።

ማርቆስ ቆስሎ ተመለሰ። አንድ እግሩ አይታጠፍም። እናቱ ሲያስገቡት ፊታቸው በርቷል፤ እሱ ግን በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ በተራራው ጫፍ ሄደ፣ በሸንተረሩ ወረደ፣ እንሰቱ ውስጥ ገባ፣ ተመልሶ ወጣ። ተራራ እንዲያ አድርጎ የሚመረምር ሰው ከጋሽ ባይሳ ሌላ አላየሁም፤ ሥራዬን የወደደልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ተፈራ በርጩማ አቀረበለትና ወደ ካሜራው እንዲዞር ነገረው። ዞሮ ተቀመጠ። ወዲያው አንገቱን መልሶ ወደ ሥዕሉ አየ። ተፈራ ደግሞ ነገረው፤ ዞረ፤ ደግሞ ተመለሰ። ግንባሩ በላብ ራሰ።

«ላዩ ላይ ማን አለ?» አለኝ።

ማንም የለም፣ ሥዕል ነው አልኩት።

«ሥዕል መሆኑን አውቃለሁ» አለ። «ጀርባዬን ልሰጠው አልቻልኩም።»

ተራራ አስመስዬ ለመቀባት ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁት እኔ፣ ያን ጊዜ ምነው ባልመሰለ ብዬ ተመኘሁ። ተፈራ ሐይቁን ልዘርጋ ብሎ ተነሳ። እትዬ አበበች ግን ሄደው በልጃቸውና በተራራው መሐል ቆሙ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ዘረጉት።

«ከኋላህ እኔ አለሁ» አሉት። «አያትህ ፊትህን ይይ።»

ማርቆስ ዞረ። ትከሻው ቀስ እያለ ወረደ። ተፈራ አነሳው።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ አየሁት። ማርቆስ ፊት ለፊት ያያል። ከኋላው የእናቱ ነጠላ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ሞልቶታል፤ ከአምበርቾ የቀረው ከራሳቸው በላይ ያለች አንዲት ጥቁር ጫፍ ናት። ተፈራ ተራራው አልወጣም፣ በነጻ ድጋሚ ላንሳችሁ አላቸው። እትዬ አበበች ፎቶውን በወረቀት ጠቀለሉና ከጡታቸው ሥር ከተቱት።

«ተራራውንማ አባቴ ያውቀዋል» አሉ። «ያላወቀው ልጁን ነው።»